ባሻ ይርዳው አትንኪያቸው ያሉኝ ትሎች

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የጤና ጣቢያው ሰዎች ጋቢ አለበሱኝ፤ ኃላፊው ደግሞ ወረቀት አውጥቶ አነበበ። "ወይዘሮ ብርቄ ቁስል በማጠብና በማሸግ ሥራ ዘመናቸውን ሙሉ ያለ አንዳች ነቀፋ አገልግለዋል" ይላል። ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ከከተትኩት በኋላ ግን ያቺ "ያለ አንዳች ነቀፋ" የምትል ቃል ሰላም ነሳችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ጸሐፊው የሚያውቀው መዝገብ ላይ የሰፈረውን ነው። መዝገብ ላይ ያልሰፈረውን እኔ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

የምኖረው እዚሁ ኮልፌ ነው። ነፋሱ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል ሲመጣ ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ለመዝጋት ይሯሯጣሉ። እኔ ቁጭ ብዬ ቡናዬን እጠጣለሁ። "እማማ ብርቄ፣ አፍንጫዎትን ሸጡት እንዴ?" እያሉ ይስቁብኛል። አልሸጥኩትም። አፍንጫዬ በወጣትነቴ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ መምህሩም ባሻ ይርዳው ነበሩ።

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ የከተማ ዳር ነበር። የገብስ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ እዚህም እዚያም የሣር ቤት፣ ሌላ ምንም የለም። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ በኋላ ከመንገዱ ዳር ለአገሬው ሰው ብሎ አንድ የቆርቆሮ ክሊኒክ ከፈተ። አባቴ ወደ ሰሜን እንደዘመተ ቀርቶ ነበርና እናቴን የምጦራት እኔ ነበርኩ። እዚያ ፋሻ ቀቃይ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ በሊሬ ነበር፤ ጨውና ላምባ ይገዛል፣ ከዚያ በላይ ስለሱ የማወራው የለኝም።

ባሻ ይርዳው ከጦሩ ጋር ሰሜን ዘምተው፣ በድንኳን ሐኪም ቤት ከውጭ አገር ሐኪሞች እጅ ቁስል ማጠብ የተማሩ ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ጣሊያኑን ሐኪም "ዶቶሬ" እንለው ነበር፤ ዶቶሬ ግን ለግማት ልብ ስላልነበረው ቁስሉን ሁሉ ለባሻ ትቶ እሱ ክኒን ያድል ነበር።

ባሻ ቁስለኛ ሲመጣ ወዲያው አይከፍቱም። በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። "ቆሞ የሚያጥብ ሰው ለመሄድ የቸኮለ ነው፤ ቁስለኛው ያውቅበታል" ይላሉ። እጃቸውን ሁለት ጊዜ ይታጠባሉ፣ እስኪሞቅ ያሻሹታል፣ ቁስለኛውን ስለ ከብቱና ስለ እህሉ ይጠይቁታል። ከዚያ ፋሻው ላይ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ። "ይሄ መግል ብቻ ነው"፣ "ይሄ ሥጋው ሞቷል"፣ "ይሄ ትል አለበት" ይላሉ፤ ሲፈታ ያሉት ይገኛል። ትል ያለበት ቁስል ጣፈጥ የሚል ከባድ ጠረን አለው። አንዴ ያሸተተው ሰው እስኪሞት አይረሳውም።

የመጀመሪያውን ያየሁት በአንድ ገበሬ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ፋሻው ሲነሳ ቁስሉ ራሱ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ነጫጭ፣ ወፋፍራም፣ ተደራርበው ይርመሰመሳሉ። ሮጬ ከቆርቆሮው ጀርባ አስመለሰኝ። ቤቴ ገብቼ ቀሚሴን ገልብጬ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፤ ዝንብ እጄ ላይ ባረፈች ቁጥር እጮኻለሁ። እናቴ ዛር የያዘኝ መስሏት ጠበል ካልወሰድኩሽ አለች።

ባሻ አልሳቁብኝም። "ነይ ተቀመጪ" አሉኝ በማግስቱ። "ዝንቧ ልጆቿን የምታሳድግበት ቦታ ፈላጊ ናት። ክፍት ቁስል ካገኘች እንቁላሏን ትጥላለች፤ በማግስቱ ትል ነው። ትሉ ደግሞ የሚተነፍሰው በጅራቱ ነው፤ ጭንቅላቱን ሥጋ ውስጥ ቀብሮ ጅራቱን ወደ አየር ያወጣል። እሱን ካወቅሽ አትፈሪውም።"

ማወቁስ አወቅሁ፤ መፍራቱ ግን አልቀረም። ሥራው እንዲህ ነበር፦ የቁስሉን አፍ በለጋ ቅቤ መድፈን፣ ከዚያ መጠበቅ። ትሉ አየር ሲያጥረው ወደ ላይ ይመጣል። ያኔ በወረንጦ ከጅራቱ ያዝ አድርጎ፣ ሳይጎትቱ፣ ራሱ እስኪለቅ መታገሥ። የጎተቱት እንደሆነ ይበጠስና ግማሹ ውስጥ ቀርቶ ይበሰብሳል። የወጣውን ላምባ ያለበት ጣሳ ውስጥ መጣል፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ መቁጠር፣ በመጨረሻ ፈልቶ በበረደ የጨው ውኃ ማጠብ። ቁጥሩ ለቁስለኛው ነው ይሉ ነበር ባሻ፤ ሲወጣለት ካልሰማ እቤቱ ሄዶ አሁንም አለ እያለ ሲያክ ያድራል።

ሁሉንም ትል ግን አያወጡም ነበር። ሰሜን በነበሩ ጊዜ፣ ፋሻ አጥተው ሜዳ ላይ የሰነበቱ ቁስለኞች ትል ወርሯቸው ሳለ ሲተርፉ፣ ጥሩ ተደርገው የታሸጉት ሲሞቱ አይተዋል። "የሞተ ሥጋ ብቻ የሚበላ ትል አለ፤ እሱን ሥራውን እስኪጨርስ ተዪው። ወደ ጤነኛው ሥጋ የሚቆፍር ከሆነ ግን ዛሬውኑ አውጪ" ይላሉ። ሁለቱን የሚለዩት የቁስሉን ጠርዝ በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ ደም መኖር አለመኖሩን አይተው ነው፤ የሞተ ሥጋ አይደማም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ትልቅ መዝገብ ነበር። ጥይት የመታው ሰው ከመጣ በቀይ እርሳስ "ፓሎቶላ" ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ፓሎቶላ በነሱ ቋንቋ ጥይት ነው። በየሳምንቱ አንድ ሻምበል ከአስተርጓሚው ጋር መጥቶ ቀዩን ይለቅማል። በቀይ የተጻፈ ሰው አርበኛ ነው፤ አርበኛ ደግሞ ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ባሻ ቀይ እርሳሱን ነክተውት አያውቁም። ጥይት የመታው ሁሉ "በሬ ወጋው" ነው። የኮልፌ በሬ በዚያ ዓመት ያልወጋው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ሻምበሉ መዝገቡን ትቶ ሰውየውን ራሱን ካላየሁ አለ። አልጋው ላይ የተኛው ትከሻውን በጥይት የተመታ ነበር። ባሻ ፋሻውን ገለጡለት። ትሎቹ ሲርመሰመሱ ሻምበሉ ፊቱ ነጣ፣ መሐረቡን አፉ ላይ ለጥፎ ወጣ፤ ከቆርቆሮው ጀርባ፣ እኔ ካስመለሰኝ ቦታ፣ ሲያስመልሰው ሰማነው። ባሻ ወረንጦአቸውን እየጠረጉ "አየሽ? ባለ ጠመንጃው ትል ይፈራል" አሉኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው የታዬ ነገር የመጣው። አንድ ሰኞ ጠዋት ባሻ "የሚታጠብ ልብስ በቅርጫት ያዢና ራቅ ብለሽ ተከተይኝ" አሉኝ። ከልብሱ ሥር ወረንጦ፣ ፋሻ፣ ጨውና የላምባ ጣሳ አለ። ወደ ከራንዮ መውረጃው ላይ አንድ ወታደር አስቁሞ ሳንጃውን ቅርጫቴ ውስጥ ሰደደው። ሳንጃው በጨርቁ ውስጥ ሲያልፍ አንጀቴ ውስጥ የሚያልፍ መሰለኝ። ጣሳውን ሳይነካ መልሶ አወጣውና "ሂጂ" አለኝ።

ቤቱ የእትዬ አስካለ ነበር። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ታዬ ከኔ እኩያ ነው፤ ጫካ ካሉት አርበኞች ጋር ነበረ። ጥይት በጭኑ ከፊት ገብቶ ከኋላ ወጥቶ፣ ጓደኞቹ ተሸክመው ለእናቱ ጥለውት ሄደዋል። ከቤቱ ጓዳ፣ ከጥጆቹ ጋጣ ጎን ነው የተኛው። ቁስለኛ ሽታ እንዳይመታው ብለው በሩንና ቀዳዳውን ሁሉ ደፍነዋል፣ ራስጌው ነጭ ሽንኩርት ሰቅለዋል። ዝንቡ ግን ከጥጆቹ ጋር እዚያው ውስጥ ነው።

ባሻ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ፣ አሸተቱ፣ ፈቱ። ሞልቷል። ጠርዙን ነካ ነካ አደረጉና "የሞተውን ነው የሚበሉት" አሉ። ለእትዬ አስካለም "ያጸዱለታል፣ እንዳይነኩ" ብለው ነገሯቸው። ሴትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። "በሕይወት ያለ ልጄን ትል ይብላው ይሉኛል?" አሉ። ባሻ "ይዳንልዎት ነው የምለው" ብለው ወጡ።

ከደጁ ራቅ ስንል ባሻ ቆሙ። "አንዱን ምክንያት ለእናቲቱ ነግሬያለሁ። ሁለተኛውን አንቺ ብቻ ያዢው። ቁስሉ እንዲህ ሆኖ ሳለ ከበሬ ቀንድ የሚለየው የለም፤ ቀርቦ የሚያይም የለም። ከጠራ ግን ጥይት መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል።"

"ታዲያ ለምን ለእሳቸውም አይነግሯቸውም?" አልኳቸው።

"እናት ናታ! ካወቀች ወታደር በመጣ ቁጥር ዓይኗ ቁስሉ ላይ ይሄዳል። አታውቅ።"

በማግስቱ ዶቶሬ ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄድ ባሻን ይዟቸው ሄደ። ሲለዩኝ "ዙሪያውን ብቻ በጨው ውኃ እጠቢ። እኔ እስክመለስ አንድም ትል እንዳታወጪ" አሉኝ። "እሺ" አልኩ።

ሐሙስ ቅርጫቴን ይዤ ስሄድ ታዬ ትኩሳት ይዞታል። እትዬ አስካለ ከጓዳው በር ላይ ያዙኝ። የነፍስ አባታቸውን አግኝተው ነግረዋቸዋል፤ የልጁ ነፍስ ሳትወጣ በማግስቱ ሥጋ ወደሙን ይዘውለት ሊመጡ ነው። "ግን መግል እየፈሰሰ፣ ትል እየረገፈ እንዴት አድርጌ ላቁርበው? አባ አጥባችሁ አድርቁት አሉኝ" አሉ። "ብርቄ ልጄ፣ ትል የመቃብር ነው። በቁሙ ትል የበላውን ሰው ምን ይሉታል? የረከሰ ነው፣ ኃጢአቱ ነው ይሉታል። የኔ ልጅ ምን በደለ? ለአገሩ ነው..." ግድግዳው የሚሰማ መሰላቸውና አፋቸውን ያዙ። ከዚያ እግሬ ላይ ወደቁ። እናቴ የምትሆን ሴት፣ እግሬ ላይ!

ታዬም ከውስጥ ድምፁን አሰማ። "ሲሄዱ ይሰማኛል። ስሞት ይብሉኝ፤ አሁን ግን አውጪልኝ።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ "እትዬ፣ ትሎቹ ናቸው ከወታደር የሚጠብቁት" ማለት ብቻ ነበር። ባሻ አትንገሪ ብለውኛል፤ እሱን ሰበብ ማድረግ ይቀላል። እውነቱን ለመናገር ግን ማውጣት ፈልጌ ነበር። ባሻ ሳይኖሩ፣ ብቻዬን፣ በራሴ እጅ። እነዚያን የምፈራቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አውጥቼ ላምባ ውስጥ ስጥላቸው ማየት ፈልጌ ነበር። የቤት ለቤት ፍተሻውም እዚያ መንደር ባለፈው ሳምንት አልፏል፣ ቶሎ አይመለሱም አልኩ ለራሴ።

ከምሳ በኋላ ጀምሬ ከብቶቹ እስኪገቡ ሠራሁ። ቅቤውን ደፈንኩ፣ ጠበቅኩ፣ ያዝኩ፣ ደግሞ ጠበቅኩ። አንድም አልተበጠሰብኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ እቆጥራለሁ፣ እትዬ አስካለ በየቁጥሩ "ተመስገን" ይላሉ። ስልሳ ሦስት። በጨው ውኃ አጠብኩት። ቁስሉ ቀይ፣ ንጹሕ፣ የሚያምር ሆነ። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ ያማረ የለም። ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን ከፊት ያለው ቀዳዳ ክብ ነበር። ቶሎ በፋሻ ሸፈንኩት።

በማግስቱ ቄሱ ሳይመጡ ፋሻውን ልለውጥ ማልጄ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ቤቱን ጠርገው፣ ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ታዬን ነጭ አልብሰውታል። ትኩሳቱም ቀለል ብሎት ፈገግ አለልኝ። ፋሻውን ፈትቼ ቅርጫቴ ውስጥ እንደከተትኩ ውሻው ጮኸ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። የቡትስ ጫማ ድምፅ ደጁን ሞላው።

ያው ሻምበል ነው፣ አስተርጓሚውም አብሮት። አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ ገና ከበሩ አፍንጫው ላይ አስሮታል። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። እትዬ አስካለን አየኋቸው፤ አልፈሩም። ለምን ይፍሩ? የሚያሳፍራቸው ነገር ታጥቦላቸዋል። ራሳቸው ሄደው ልብሱን ገለጡላቸው።

"እዩት!" አሉ። "በሬ ነው የወጋው። አሁን ድኗል፣ ንጹሕ ነው።"

ሻምበሉ ቆመ። ጨርቁን ከአፍንጫው ቀስ ብሎ አወረደ። ቀረበ፣ ጎንበስ አለ፣ ክቡን አየው። ታዬን ገልብጦ በኋላ በኩል የወጣበትን አየ። ከዚያ ያቺን በቀይ የምትጻፈውን ቃል ተናገረ። "ፓሎቶላ።"

እትዬ አስካለ ቃሉን አያውቁትም። የሁላችንን ፊት ተራ በተራ ሲያዩ ቆዩና የገባቸው ያኔ ነው።

"ማን ነው ያጠበው?" አለ አስተርጓሚው።

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ አስካለ።

አስተርጓሚው ወደ ቅርጫቴ አየ። ልናገር አፌን ከፈትኩ ብል እዋሻለሁ፤ አልከፈትኩም። እትዬ አስካለ ግን ዞረው ጮኹብኝ። "አንቺስ ምን ትገተሪያለሽ? ልብሱን ይዘሽ ወደ ወንዝ ውረጂ እንጂ! ፀሐይ ሳለ ካላጠብሽው ደሞዝ የለሽም! ሰነፍ!"

እንደ ገረድ አንገቴን ደፍቼ በወታደሮቹ መካከል አለፍኩ። በየእርምጃው ወረንጦው ከጣሳው ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል፤ ለነሱም የሚሰማ መሰለኝ። ወደ ኋላዬ አልዞርኩም። መንገድ ላይ ቄሱን ከዲያቆናቸው ጋር አገኘኋቸውና "አባ፣ ይመለሱ" አልኳቸው። ፊቴን አይተው ተመለሱ። ታዬ ሳይቆርብ ቀረ።

እሱን በሁለተኛው ቀን እንደገደሉት ሰማን፤ ሬሳው ግን አልተገኘም። እናቱን አሰሯቸው። እኔ ለሳምንታት ውሻ በጮኸ ቁጥር የመጡብኝ እየመሰለኝ ከአልጋ ሥር ስገባ እናቴ አሁንም ጠበል ትላለች።

ባሻ ሲመለሱ ሁሉን ነገርኳቸው። በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡ። "ለእናቲቱ ነገርሻት?" አሉኝ።

"አልነገርኳቸውም።"

"አትንገሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሡ። ሁለት ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ታጠቡ። ከዚያ ወዲህ አልሰደቡኝም፣ አላመሰገኑኝምም። ጥቂት ቆይተው አንድ ቀን ሥራ ሳይገቡ ቀሩ፤ ጫካ ገቡ ተባለ። ከነጻነት በኋላ በሕይወት እንዳሉ ሰምቼ ነበር፤ ሄጄ አልጠየቅኳቸውም።

እትዬ አስካለ ከወራት በኋላ ተፈቱ። መፈታታቸውን ስሰማ ሻምበሉን ከፈራሁት ይበልጥ ፈራኋቸው፤ በቤታቸው በኩል ላለማለፍ መንገድ ቀየርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ራሳቸው ክሊኒኩ መጡ። አጥንታቸው ቀርቷል። የእግር ብረቱ ቁርጭምጭሚታቸውን በልቶታል። ሳይፈታ አሸተትኩት፤ ጣፈጥ ይላል።

"አንቺው ነሽ?" አሉኝ። "በይ እንግዲህ፣ እጅሽን አውቀዋለሁ፤ አውጪልኝ።"

ተቀመጥኩ። ቅቤውን ደፈንኩና መጠበቅ ጀመርኩ። እሳቸውም እጄን ያያሉ።

"እስር ቤት ሆኜ ሳስብ ነበር" አሉ። "ሰውዬው አፍንጫውን አስሮ ነው የገባው። ትሎቹ ቢኖሩ ኖሮ ከደጃፍ ይመለስ ነበር። ባሻ እንዳይነኩ ያሉት ለዚህም ኖሯል?" ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺስ ታውቂ ነበር?"

ወረንጦዬ አንዱን ከጅራቱ ይዞ ነበር።

"አላውቅም ነበር፣ እትዬ" አልኩ።

እጄ ሳበው መሰለኝ ትሉ ተበጠሰ። እሳቸው ሕመሙን አላሳዩም። "እንግዲያው እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "አንቺማ ልጅ ነሽ። ለምኜሽ ነው፣ እግርሽ ላይ ወድቄ። እኔ ነኝ ልጄን ያስበላሁት።"

እግራቸው ዳነ። ጣሊያን ወጣ፣ እኔ በመንግሥት ሐኪም ቤት ተቀጠርኩ፣ ብዙ አለቃ ተፈራረቀብኝ፣ ብዙ ሰው አጠብኩ። እትዬ አስካለም ብዙ ዓመት ኖሩ፤ በየዓመቱ ታዬ የተገደለበትን ቀን ይዘክራሉ። አንድም ዓመት ሳይጠሩኝ አልቀሩም። ቦታዬ ከጎናቸው ነው፤ "ልጄን ያጠበችልኝ ይቺ ናት" ብለው ለእንግዳው ሁሉ ያሳዩኛል። ከዚያ ያንኑ ታሪክ ይጀምራሉ፤ ለሰው አፍ ብዬ፣ ትል ነውር ነው ብዬ፣ በገዛ እጄ ገልጬ ሰጠሁት ይላሉ። እንግዶቹ "ኧረ ተዉ፣ ምን ያውቁ ነበር" እያሉ ያጽናኗቸዋል። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ቆሎዬን እቆረጥም ነበር።